ከዲናሞ ወደ አልተርኔተር፦ የድሮ መኪና ባትሪ መሙያ ታሪክ

መኪና የሚሄድበትን ጉልበት ከነዳጅ ቢያገኝም ሞተሩን የሚያስነሳው፣ ካንዴላውን የሚለኩሰውና ሌሊት መንገዱን የሚያበራው ኤሌክትሪክ ነው። ይህን ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውና ከባትሪው የወጣውን የሚተካው ክፍል የቻርጅ ሥርዓት ይባላል። ሥርዓቱ ሦስት አካላት አሉት፦ በሞተሩ ጉልበት እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ማሽን፣ የሚመነጨውን መጠን የሚቆጣጠር ሬጉሌተር፣ የተመነጨውን የሚያጠራቅም ባትሪ። እስከ 1960ዎቹ ድረስ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማሽኑ ቀጥተኛ ከረንት የሚሰጠው ዲናሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቦታውን የያዘው ተለዋጭ ከረንት አመንጭቶ፣ ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዳዮድ የሚያቀናው አልተርኔተር ነው። በኢትዮጵያ ጋራዦች ሁለቱም ዲናሞ ይባላሉ፤ እዚህ ግን ዲናሞ ሲባል የቀድሞው ብቻ ነው።

በክላሲክ መኪና ላይ የሚደረገው ማሻሻያ ዲናሞውን አውጥቶ አልተርኔተር መትከል፣ አንዳንዴም 6 ቮልቱን ወደ 12 መለወጥ ነው። ይህም ፋብሪካዎች በግማሽ ምዕተ ዓመት የሄዱበትን መንገድ በአንድ መኪና ላይ መድገም ማለት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደተሠራ ያልተረዳ ባለሙያ አንዱን ችግር ሲነቅል ሌላውን ይተክላል፤ የማሻሻያው ታሪክ መታወቅ ያለበትም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የቻርጅ ሥርዓት አልነበራቸውም። ሞተሩ የሚነሳው ከፊት በሚሰካ ማኖቬላ በሰው ክንድ ተዞሮ ነው። ለካንዴላው የሚያስፈልገውን ብልጭታ የሚሰጠው በቋሚ ማግኔት የሚሠራው ማኜቶ ሲሆን የሮበርት ቦሽ ወርክሾፕ በ1897 ማኜቶን በተሽከርካሪ ሞተር ላይ ገጠመ። የድርጅቱ መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ ደግሞ በ1902 ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠውን ማኜቶ ሠራ። መብራቱ የላምባ ወይም ከካርባይድና ከውኃ የሚገኝ የአሴቲሊን ጋዝ ነበር፤ ሹፌሩ ወርዶ በክብሪት ይለኩሰዋል። በ1908 መጀመሪያ አዲስ አበባ የገባው፣ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ የመጣው የእንግሊዝ መኪናም የዚያ ዘመን ሥራ ነው።

ሳይንሱ ግን ከመኪናው ቀድሞ ነበር። ማይክል ፋራዴይ በማግኔት አጠገብ የሚንቀሳቀስ ሽቦ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጥር ያሳየው በ1831 ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ባዶ ሲሆን እንደገና የሚሞላውን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በ1859 ሠራ። ቬርነር ፎን ሲመንስ በ1866 ያለ ቋሚ ማግኔት፣ በብረቱ ውስጥ በቀረ ጥቂት ማግኔትነት ራሱን አስነስቶ የሚሠራ ዲናሞ አሳየ። ዲናሞና ባትሪ ፋብሪካ ሲያንቀሳቅሱና ከተማ ሲያበሩ ከቆዩ በኋላ ነው መኪና ላይ የተጫኑት። የዘገዩበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ የፋብሪካ ዲናሞ በአንድ ፍጥነት ሳያቋርጥ ይዞራል፤ የመኪና ሞተር ግን አሁን ቀስ ይላል፣ ወዲያው ይፈጥናል፣ ከዚያም ይቆማል። በዚህ ሁሉ መካከል ለባትሪው የማይዋዥቅ ቮልቴጅ መስጠት ነበር ችግሩ፤ የቻርጅ ሥርዓት ታሪክም በአብዛኛው የዚህ ችግር ታሪክ ነው።

ዲናሞን ወደ መኪና ያስገባው መብራት ብቻ አይደለም፤ ማኖቬላም ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመልስ ማኖቬላው የሹፌሩን እጅ ይሰብር ነበር። በአሜሪካ ኦሃዮ ክፍለ ግዛት ዴይተን ከተማ ቻርልስ ኬተሪንግና ኤድዋርድ ዲድስ በ1909 ዴልኮ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ኬተሪንግ ቀደም ሲል በኤሌክትሪክ ሞተር የሚከፈት የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ሠርቶ ነበር፤ ከዚያ ሥራው አንድ ትንሽ ሞተር ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ከአቅሙ በላይ ቢጫን እንደማይቃጠል ተረድቷል። በዚህ መንገድ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912ቱ ካዲላክ ላይ ወጣ። ማስነሻው ከባትሪ ብዙ ከረንት ስለሚጠጣ የጠጣውን የሚመልስ ነገር አብሮ መኖር ነበረበት፤ ስለዚህም የካዲላኩ ሥርዓት ማስነሻን፣ ካንዴላ ማቀጣጠያን፣ መብራትንና ባትሪ መሙያን በአንድነት የያዘ ነበር። ቦሽም በ1913 ዲናሞን፣ ባትሪን፣ ሬጉሌተርንና የፊት መብራትን ያጣመረ ሥርዓት ለገበያ አቀረበ። የብዙኃኑ መኪና የነበረው የፎርድ ሞዴል ቲ በራሱ የማኜቶ ኤሌክትሪክ ለዓመታት ከቆየ በኋላ ዲናሞና ማስነሻ ሞተር ያገኘው በ1919 ነው።

የዚያ ዘመን ዲናሞዎች የሚመነጨውን መጠን የሚወስኑት በሦስተኛ ካርቦን ነበር። ዲናሞ ሁለት ዋና ካርቦኖች አሉት፤ እነሱ ከሚዞረው ኮሚውቴተር ላይ ከረንቱን ይቀበላሉ። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ተቀምጦ መግነጢሳዊ መስኩን ለሚፈጥረው ጥቅል ሽቦ ከረንት ያቀብላል። ዲናሞው ሲፈጥን በሚዞረው ክፍል ውስጥ የሚያልፈው ከረንት መስኩን ያጣምመዋል፤ ሦስተኛው ካርቦን ባለበት ቦታ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ መስኩም ይዳከማል። ስለዚህ ምርቱ በመካከለኛ ፍጥነት ጫፍ ይደርስና ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ብልሃቱ ርካሽና ቀላል ነበር፤ ጉድለቱ ግን የባትሪውን ሁኔታ አለማየቱ ነው። ባትሪው ሞልቶም ባዶም ቢሆን የሚሰጠው ያው ነው። በቀን ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ባትሪውን ያፈላል፣ ውኃውንም ያደርቃል፤ ማታ ማታ በከተማ የሚነዳው ደግሞ ባትሪው ባዶ ይቀርበታል። ስለዚህ ሦስተኛውን ካርቦን ለክረምትና ለበጋ አስጠግቶ ወይም አርቆ ማስተካከል የተለመደ ሥራ ሆነ። በቀን ጉዞ የፊት መብራት አብርቶ ትርፉን ማባከንም የሹፌሮች ልማድ ነበር። ዛሬ ከሦስተኛ ካርቦን ዲናሞ ጋር የሚኖሩ የሞዴል ቲና የመሰል መኪኖች ባለቤቶች ይህንኑ ያደርጋሉ።

በ1930ዎቹ ነገሩን የለወጠው የሚንቀጠቀጥ ሬጉሌተር ነው። በትንሽ ሳጥን ውስጥ በብረት ላይ የተጠቀለለ ሽቦ ቮልቴጁ ከተወሰነው ሲያልፍ አንድ የብረት ምላስ ይስባል፤ ምላሱ ነጥቦቹን ይለያያቸዋል፤ ወደ ዲናሞው መስክ የሚሄደው ከረንት በሬዚስተር ውስጥ ያልፍና ይቀንሳል። ቮልቴጁ ሲወርድ ምላሱ ይመለሳል። ይህ መክፈትና መዝጋት በሰከንድ ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም አማካዩ ቮልቴጅ ሳይዋዥቅ ይቆያል። በዚያው ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ሌላ መዝጊያ ደግሞ ዲናሞው ከባትሪው ያነሰ ቮልቴጅ በሚሰጥበት ጊዜ ሁለቱን ያለያያል፤ ካልሆነ ባትሪው ወደ ዲናሞው እየፈሰሰ እንደ ሞተር ሊያዞረው ይሞክራል፣ ሽቦውንም ያቃጥላል። በበርሚንግሃም የተመሠረተው የሉካስ ኩባንያ ለእንግሊዝ መኪኖች በመጀመሪያ ባለ ሁለት፣ በኋላ ባለ ሦስት ጥቅል ሳጥን ሠራ፤ ሦስተኛው ጥቅል የከረንቱን ልክ ለብቻው የሚቆጣጠር ነው። በጀርመኑ ቮልስዋገን (በተለምዶ ቮልስ በሚባለው) ላይ ቦሽ ይህን ሬጉሌተር ለብዙ ዓመታት በቀጥታ ዲናሞው ጀርባ ላይ አስቀመጠው።

ዲናሞ መናቅ የለበትም። በጥንቃቄ የተሠራ፣ በማንኛውም የሞተር ጥቅለላ ሱቅ ሊታደስ የሚችል ማሽን ነው። የካርቦንና የኩሽኔታ ለውጥ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ያስኬደዋል፤ የሉካስ ሲ40 ዲናሞ ከኋላ ጫፉ ባለችው ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ ዘይት ከመፈለግ በቀር ብዙ አይጠይቅም። የማይወጣው ገደብ ግን በአሠራሩ ውስጥ አለ። በዲናሞ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚመነጨው በሚዞረው ክፍል ነው፤ መኪናው የሚጠቀምበት ከረንት በሙሉ ከኮሚውቴተር ወደ ካርቦን ይሻገራል። ከረንቱ በበዛ ቁጥር ብልጭታው ይጨምራል፣ ካርቦኑ ያልቃል፣ የኮሚውቴተሩ መዳብም ይበላል። በጣም እንዲፈጥን ማድረግም አይቻልም፤ የሚዞረው ሽቦና ኮሚውቴተሩ በዙረቱ ጉልበት ተነቅለው ይበተናሉ። ከላይ የፍጥነት ገደብ ስላለ ፑሌጃው ትልቅ ይደረጋል፤ ፑሌጃው ትልቅ ሲሆን ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው በሚኒሞ ሲዞር ዲናሞው ከሞላ ጎደል ምንም አያመነጭም። የትራፊክ መብራት ላይ የቆመ፣ የፊት መብራቱ የበራ የዲናሞ መኪና የሚበላው ከባትሪው ነው። መንገድ ባዶ በነበረበት ዘመን ይህ ብዙ አይጎዳም ነበር፤ የከተማ መጨናነቅ ሲመጣ ግን ዋናው ችግር ሆነ።

ሲ40 የሚሰጠው ቢበዛ 22 አምፔር ነው፣ በ12 ቮልት 264 ዋት ያህል። ለሁለት የፊት መብራት፣ ለኋላ መብራቶች፣ ለዝናብ መጥረጊያና ለካንዴላ ማቀጣጠያ ይበቃል። በዚህ ላይ ራዲዮ፣ የማሞቂያ ቬንቲሌተር፣ ተጨማሪ ፓውዛና የሚሞቅ የኋላ መስታወት ሲመጡ ሒሳቡ አልገጥም አለ። በ6 ቮልት ይሠሩ የነበሩ አምራቾች ለዚህ መሰል ችግር የሰጡት የመጀመሪያ መልስ ዲናሞውን መለወጥ ሳይሆን ቮልቴጁን እጥፍ ማድረግ ነበር።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ አብዛኛው የአሜሪካና የጀርመን መኪና 6 ቮልት ነበር። ያው ኃይል በ12 ቮልት ሲላክ ከረንቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በአንድ ዓይነት ሽቦ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። 90 ዋት የሚወስዱ ሁለት የፊት መብራቶች በ6 ቮልት 15 አምፔር ይስባሉ፣ በ12 ቮልት 7.5 ብቻ። ባረጀ ሽቦና በዛገ ማያያዣ ላይ ይህ ልዩነት በዓይን ይታያል፤ የ6 ቮልት መኪና መብራት የሚደበዝዘው ብዙ ጊዜ በአምፖሉ ጥፋት ሳይሆን በሽቦው ላይ በሚጠፋው ቮልቴጅ ነው። አሜሪካኖችን ያስቸኮላቸው ግን መብራት ሳይሆን አዲሶቹ ከፍተኛ ግፊት ያላቸው ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች ናቸው፤ እነሱን በ6 ቮልት ሞተሪኖ (ማስነሻ ሞተር) ማስነሳት አስቸጋሪ ነበር። ካዲላክና ኦልድስሞቢል በ1953፣ ሸቭሮሌት በ1955፣ ፎርድና ክራይስለር በ1956 ሞዴሎቻቸው ወደ 12 ቮልት ዞሩ። እንግሊዞች በአብዛኛው ቀድመው 12 ቮልት ይጠቀሙ ነበር።

ቮልስዋገን ዘገየ። ቮልሱ ለብዙ ዓመታት በ6 ቮልት፣ በ180 ዋት ዲናሞ ተሠራ፤ 12 ቮልት በአብዛኞቹ ላይ የገባው በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ይህ መኪና ለኢትዮጵያ አንባቢ የተለየ ቦታ አለው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ወደ አገሪቱ በብዛት ገብቶ የአዲስ አበባ ጎዳና የሚታወቅበት ሆነ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱትም በቮልስዋገን ነበር። አዲስ መኪና በቀረጥ ምክንያት ውድ በሆነበት አገር ቮልሶች እየታደሱ እስካሁን ይሄዳሉ።

የቮልሱ አሠራር ለቻርጅ ሥርዓት የተለየ ክብደት ይሰጠዋል። ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ የማቀዝቀዣው ፋን የተገጠመው በራሱ በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። አንዱ ቺንጋ ሁለቱንም ያዞራል። ቺንጋው ሲበጠስ በፍጥነት መለኪያው ላይ ያለችው ቀይ መብራት ትበራለች፤ ሹፌሩ የቻርጅ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ መንገዱን ቢቀጥል ሞተሩ ያለ አየር ቀርቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይጎዳል። የዲናሞው ኩሽኔታ ሲያልቅም ፋኑ መወዛወዝ ይጀምራል። የቺንጋው ውጥረት የሚስተካከለው ደግሞ በፑሌጃው ሁለት ግማሾች መካከል ስስ ሮንዴላዎችን በመጨመር ወይም በማውጣት ነው፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ቢገባ ልኩ ነው። ባትሪው ከኋላ መቀመጫው ሥር ይቀመጣል። ጫፎቹ ካልተሸፈኑ የመቀመጫው የብረት ስፕሪንግ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ይነካቸውና እሳት ያስነሳል፤ መሸፈኛው የጠፋበት ቮልስ ሁሉ ይህ አደጋ አለበት።

አልተርኔተር በመርሁ አዲስ ነገር አይደለም። ተለዋጭ ከረንት የሚሰጥ ጄኔሬተር ከቀጥተኛው ይልቅ ቀላል ነው፤ ኮሚውቴተር አያስፈልገውም። ነገር ግን ባትሪ የሚሞላው በቀጥተኛ ከረንት ብቻ ስለሆነ ተለዋጩን የሚያቀና መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። በ1940ዎቹ የአሜሪካው ሊስ-ኔቪል ኩባንያ ቆመው ራዲዮ ለሚያሠሩ ወታደራዊ ተሽከርካሪዎች፣ ለፖሊስ መኪኖችና ለአምቡላንሶች አልተርኔተር ሠርቶ ነበር፤ ማቅኛው ግን ከሴሌኒየም የተሠራ፣ ትልቅና ለብቻው መቀዝቀዝ የሚፈልግ ስለነበረ ለተራ መኪና አልሆነም። መንገዱን የከፈተው በ1950ዎቹ የተስፋፋው የሲሊኮን ዳዮድ ነው። ዳዮዱ ከጣት ጫፍ የሚያንስ፣ ሙቀት የሚችል፣ ከማሽኑ ውስጥ ራሱ ሊገጠም የሚችል ሆነ። ክራይስለር በ1960ው ቫሊያንት ላይ አልተርኔተርን መደበኛ መሣሪያ አደረገ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በሌሎች መኪኖቹ ላይ አስፋፋው። በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ የአሜሪካ ዲናሞ አለቀለት፤ አውሮፓም ተከተለ።

በአልተርኔተር ውስጥ ሥራው ተገልብጧል። የሚዞረው መግነጢሳዊ መስኩን የሚፈጥረው ክፍል (ሮተሩ) ነው፤ ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው በዙሪያው ባለው በማይንቀሳቀሰው ጥቅል ሽቦ (በስታተሩ) ነው። ካርቦኖቹ የሚያስተላልፉት መስኩን የሚያስነሳውን ጥቂት አምፔር ብቻ ሲሆን በለስላሳ ቀለበት ላይ ስለሚሄዱ ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ሮተሩ ጠንካራ የብረት ጥፍሮች ያቀፉት አንድ ጥቅል ስለሆነ ዲናሞን የሚበታትን ፍጥነት አይጎዳውም፤ ስለዚህ ትንሽ ፑሌጃ ይሰጠዋል፣ በሚኒሞም ባትሪ ይሞላል። ስድስት ዳዮዶች በስታተሩ የሚመነጩትን ሦስት ተለዋጭ ፍሰቶች ያቀናሉ። እነዚሁ ዳዮዶች ከረንቱ ከባትሪ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ስለሚከለክሉ የድሮው ለያይ መዝጊያ ቀረ። የስታተሩ ባሕርይ ራሱ ከረንቱ ከተወሰነ በላይ እንዳይወጣ ስለሚያግድም የከረንት መቆጣጠሪያው ቀረ። የቀረው የቮልቴጅ ሬጉሌተር ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ኤሌክትሮኒክስ ተለውጦ በአልተርኔተሩ ጀርባ ገባ። ሉካስ 16ኤሲአር 34፣ 17ኤሲአር 36፣ 18ኤሲአር 45 አምፔር ይሰጣሉ። የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ የነበረው ላዳ 2101 በፋብሪካው የወጣው 42 አምፔር ከሚሰጥ አልተርኔተር ጋር ነው። ቮልሱም በ1970ዎቹ መጀመሪያ አልተርኔተር አገኘ።

በእንግሊዝ መኪኖች ላይ ከአልተርኔተሩ ጋር ሌላ ለውጥ መጣ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ብዙዎቹ የእንግሊዝ መኪኖች ከአካላቸው ጋር የሚያስሩት የባትሪውን ፖዘቲቭ ጫፍ ነበር፤ በ1960ዎቹ ውስጥ ወደ ኔጌቲቩ ዞሩ። ኤምጂቢ ስፖርት መኪና ሁለቱንም ለውጥ ያገኘው በአንድ ጊዜ ነው፦ በ1967 መጨረሻ የጀመረው ማርክ ሁለት አልተርኔተርና ኔጌቲቭ ማሰሪያ ይዞ ወጣ። ከመቀመጫው ኋላ ተያይዘው 12 ቮልት የሚሰጡት ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ግን ለዓመታት አብረውት ቆዩ። ይህ የማሰሪያ ጉዳይ በማሻሻያ ሥራ ላይ ከሁሉም በላይ ጉዳት ያደረሰ ነው። ዲናሞ በየትኛውም አቅጣጫ መሥራት ይችላል፤ ባትሪውን ገልብጦ የመስኩን ጫፍ ለአፍታ ከባትሪው ጋር በማስነካት በብረቱ ውስጥ የቀረውን ማግኔትነት ማዞር ይበቃል። አልተርኔተር ግን ተገልብጦ ሲታሰር ዳዮዶቹ በቅጽበት ይቃጠላሉ። ፖዘቲቩ የታሰረበትን የድሮ ላንድሮቨር ባትሪና አምፔር መለኪያ ሳይገለብጡ አልተርኔተር መግጠም አዲሱን ማሽን በመጀመሪያው ደቂቃ መግደል ነው። ራዲዮ ካለም አብሮ ይታሰብ፤ የዚያ ዘመን ራዲዮ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠራ ሊሆን ይችላል።

ማሻሻያው ሙያ ሆኖ የተስፋፋው ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተጣሉ አዳዲስ መኪኖች በበዙ ጊዜ ነው። በእንግሊዝ ሉካስ ኤሲአር፣ በአሜሪካ ሬጉሌተሩ በውስጡ ያለው የጀነራል ሞተርስ አልተርኔተር፣ በጀርመን መኪኖች የቦሽ ሥራ ከቁርጥራጭ ሠፈር በርካሽ ይገኙ ነበር። ማሰሪያ ብረቱን መሥራት ብዙ አያስቸግርም። ባለሙያውን የሚፈትነው ሽቦው ነው። ለ22 አምፔር የተዘረጋ ሽቦ 45 አምፔር ሲያልፍበት ይሞቃል፤ ባዶ ባትሪ ይዞ የተነሳ መኪና ላይ አልተርኔተሩ ያለውን ሁሉ ለመስጠት ስለሚሞክር ሽፋኑ እስኪቀልጥ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከአልተርኔተሩ እስከ ባትሪው አዲስ ወፍራም ሽቦ መዘርጋት የሥራው ዋና ክፍል ነው፤ እሱን የዘለለ ማሻሻያ ማሻሻያ አይባልም። እስከ 30 አምፔር ብቻ የሚቆጥር፣ ከረንቱ ሁሉ በውስጡ የሚያልፍ የድሮ አምፔር መለኪያም በዳሽቦርዱ ጀርባ የእሳት ምንጭ ይሆናል፤ ከመስመር ማውጣት ወይም በቮልቴጅ መለኪያ መተካት ይገባል።

ቀይዋ የዳሽቦርድ መብራት በዲናሞ ዘመን ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበረች፤ በአልተርኔተር ላይ ግን የሥርዓቱ አካል ናት። ሞተሩ ሲነሳ ሮተሩን የሚያስነሳው ከረንት በእሷ አምፖል በኩል ያልፋል። አምፖሏ ከተቃጠለች አልተርኔተሩ ሞተሩ በጣም እስኪፈጥን ድረስ ሊተኛ ይችላል፤ በኤልኢዲ ከተተካችም በጎኗ ሬዚስተር ካልተጨመረ የሚያልፈው ከረንት አይበቃም። ዲናሞ አውጥተው ጤነኛ አልተርኔተር የገጠሙ ብዙ ሰዎች ማሽኑን የሚወቅሱት በዚህች አምፖል ጥፋት ነው።

በቮልስ ላይ ሥራው ፋኑን ስለሚነካ ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አልተርኔተሩ የራሱን መቆሚያ ይፈልጋል፤ ከፋኑ ጋር የሚያገናኘው የኋላ ሳህንም ለአልተርኔተር የተሠራው መሆን አለበት። በሳህኑ ላይ ያለው የአየር መክፈቻ አቅጣጫውን ካልያዘ አልተርኔተሩ ከሚፈልገው አየር ተከልሎ በሙቀት ይቃጠላል። ከመቀመጫው ሥር ወይም በዲናሞው ጀርባ ያለው የድሮው ሬጉሌተር ይወጣል፤ ይመጡበት የነበሩት ወፍራም ሽቦዎች ተጣምረው ይታሰራሉ፣ የመብራቷ ቀጭን ሽቦም ወደ አልተርኔተሩ ይቀጠላል። ባለ 6 ቮልቱ ከሆነ ሥራው እስከ ፊት መብራት ይሄዳል፤ አምፖሎች፣ የካንዴላ ማቀጣጠያው ጥቅል፣ የፍሬቻ ሪሌ፣ ክላክስና የመጥረጊያ ሞተር ይለወጣሉ። ሞተሪኖው ልዩ ጉዳይ ነው። የ6 ቮልቱ ፍላይዊል 109፣ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ ስላለው ሞተሪኖዎቹ ዝም ብለው አይለዋወጡም። ብዙ ባለቤቶች የ6 ቮልቱን ሞተሪኖ በ12 ቮልት እንዲሠራ ይተዉታል፤ ኃይለኛ ስለሚሆን በፍጥነት ያስነሳል፣ ለረጅም ጊዜ ከተያዘ ግን ይቃጠላል።

ዲናሞን መተው ለሁሉም መኪና ትክክል አይደለም። በየቀኑ በከተማ ውስጥ የሚሠራ፣ ማታ የሚነዳ፣ ተጨማሪ መሣሪያ የተሸከመ መኪና አልተርኔተር ይገባዋል፤ ሹፌሩን መንገድ ላይ ከመቅረት ያድነዋል። ለቅርስነት የሚጠበቅ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ በቀን የሚወጣ መኪና ግን ዲናሞውን ይዞ ቢቆይ ይሻላል፤ የሞተሩ ክፍል ፋብሪካው እንዳወጣው መታየቱ የመኪናው ታሪክ አካል ነው፣ አንዴ ከተወገደም የመጀመሪያውን ዕቃ ማግኘት ቀላል አይሆንም። ለእንዲህ ዓይነት ባለቤት ሁለት መንገድ ተከፍቷል። አንዱ ፍላጎቱን መቀነስ ነው፦ የኋላ፣ የፍሬንና የዳሽቦርድ አምፖሎችን በኤልኢዲ መተካት የዲናሞውን ሸክም በእጅጉ ያቀልላል፤ በሬጉሌተሩ የድሮ ሳጥን ውስጥም ከውጭ የማይታይ ኤሌክትሮኒክ ሬጉሌተር ይገባል። ሁለተኛው በዲናሞ ቅርፊት ውስጥ የተሸሸገ አልተርኔተር ነው፤ በመጠኑም በመልኩም ሲ40ን ይመስላል፣ የሚሠራው ግን በአዲሱ መርህ ነው። ለ6 ቮልት መኪኖችም 6 ቮልት የሚሰጥ አልተርኔተር ይሠራል፣ ስለዚህ አምፖሎቹንና ሞተሪኖውን ሳይነኩ በሚኒሞ ባትሪ የሚሞላ መኪና ማግኘት ይቻላል።

በየትኛውም መንገድ የተሠራ የ12 ቮልት ሥርዓት የሚፈተነው በአንድ ዓይነት ልኬት ነው። ሞተሩ ቆሞ፣ ባትሪው ካረፈ በኋላ በጫፎቹ ላይ 12.6 ቮልት ያህል መነበብ አለበት። ሞተሩ በመጠኑ ሲፈጥን ከ13.8 እስከ 14.4 ይወጣል፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ሬጉሌተሩ ባትሪውን እያፈላ ነው። የፊት መብራት፣ መጥረጊያና ቬንቲሌተር በአንድ ላይ ተከፍተው ቮልቴጁ ከ13 በታች ከወረደ ማሽኑ አቅም አጥቷል፣ ቺንጋው ላልቷል፣ ወይም ሽቦው ቀጭን ነው። ሽቦውን ለመለየት በአልተርኔተሩ መውጫና በባትሪው ፖዘቲቭ መካከል ያለውን ልዩነት መለካት ይበቃል፤ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ጥፋቱ ያለው በሽቦው ወይም በማያያዣው ላይ ነው። በዚህ ሁሉ ልኬት ጊዜ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ጫፍ መንቀል ክልክል ነው። በዲናሞ ዘመን ጋራዦች ቻርጅ መኖሩን የሚያረጋግጡበት ይህ ልማድ በአልተርኔተር ላይ የቮልቴጅ ዝላይ ፈጥሮ ዳዮዶቹን ይሰብራል።